የካናኪ አልቦ

በአባሲያ፣ በሳልሚያ ወይም በፈሃሂል የምትመላለስ እህት ሁሉ የኬረላ ሴቶችን ታውቃለች። አንዷ ነርስ ናት፣ ሌላዋ እንደኛው የሰው ቤት ሠራተኛ። በየካቲት ወር አካባቢ «ፖንጋላ» የሚል ቃል ከአፋቸው ከሰማችሁ ነገሩ እንዲህ ነው።

ፖንጋላ በደቡብ ህንድ፣ በኬረላ ዋና ከተማ በቲሩቫናንታፑራም፣ በአቱካል ቤተ መቅደስ የሚከበር በዓል ነው። በዓሉ አሥር ቀን ይቆያል፤ ዘጠነኛው ቀን የሴቶች ነው። በየጎዳናውና በየሰው ደጃፍ ጡብ እንደ ጉልቻ ደርድረው፣ በሸክላ ድስት ሩዝ፣ ኮኮናትና ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ያበስላሉ። የመጀመሪያው ምድጃ ቤተ መቅደሱ ዘንድ ይለኮሳል፤ ከዚያ እሳቱን ከምድጃ ወደ ምድጃ እየተቀባበሉ ከተማውን ያዳርሱታል። እ.ኤ.አ. በ1997 1.5 ሚሊዮን፣ በ2009 ደግሞ 2.5 ሚሊዮን ሴቶች ተሰብስበው በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል።

የሚያከብሯት ሴት አምላክ ማን ናት? ካናኪ ናት ይላሉ። ታሪኳ «ሲላፓቲካራም» በተባለው ጥንታዊ የታሚል ግጥም ውስጥ አለ። ካናኪና ባሏ ኮቫላን ሀብታቸው አልቆ ኑሮ ፍለጋ ማዱራይ ወደምትባል ከተማ ሄዱ። የቀራቸው የካናኪ የእግር አልቦ ነበር። ኮቫላን አንዱን ሊሸጥ ወደ አንጥረኛ ወሰደው። አንጥረኛው ግን የንግሥቲቱን አልቦ የሰረቀው እሱ ራሱ ነበርና «ሌባው ተገኘ!» ብሎ ለንጉሡ ነገረ። ንጉሡም ሳይጠይቅ፣ ሳያጣራ አስገደለው።

ካናኪ ሁለተኛውን አልቦ ይዛ ንጉሡ ፊት ቆመች። የንግሥቲቱ አልቦ ውስጡ ሉል ነው። ካናኪ የራሷን ሰበረችው፤ ከውስጡ የወጣው ቀይ ዕንቁ ነበር። ንጉሡ ጥፋቱን አይቶ እዚያው ወድቆ ሞተ፤ ማዱራይም በቁጣዋ ተቃጠለች። ከዚያ ወደ ኬረላ ስትጓዝ አቱካል ላይ አረፈች ይላል የአካባቢው አፈ ታሪክ። በበዓሉ ቀናት ታሪኳ በዜማ ይተረካል፤ ምድጃው የሚለኮሰውም ትረካው የንጉሡ ሞት ላይ ሲደርስ ነው።

«ወርቅ ጠፋ» የሚለው ቃል በሰው ቤት ለምትሠራ ሴት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም።

ኬረላና ኩዌት የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። ነዳጅ ሳይወጣ በፊት የኩዌት መርከበኞች ቴምር ጭነው ወደ ማላባር ዳርቻ ይሄዱ ነበር፤ ሲመለሱ የመርከብ መሥሪያ እንጨት ያመጣሉ። እስከ 1961 ድረስም ኩዌት የምትገበያየው በሩፒ ነበር። ዛሬ እዚህ ካሉት የውጭ ዜጎች በቁጥር የሚበልጡት ህንዶች ናቸው። ያም ሆኖ መንግሥት ዕውቅና የሰጠው የሂንዱ ቤተ መቅደስ የለም። የ1962ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የእምነት ነፃነትን ይጠቅሳል፤ ሂንዱዎች ግን የሚያመልኩት በየቤታቸው ነው።

በ2021 በኮሮና ምክንያት አቱካልም ሴቶቹ ቤታቸው ሆነው እንዲያበስሉ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ እዚህ በኪራይ ክፍል፣ በጋዝ ምድጃ ላይ ድስቷን የምትጥድ ሴት ከበዓሉ ውጪ ናት አይባልም።

ጎረቤታችሁ ጣፋጭ ሩዝ ብታቀምሳችሁ ስለ ካናኪ ጠይቋት። እናንተም ከሱቅ ወርቅ ስትገዙ ደረሰኙን በስማችሁ አስጽፉ፣ በስልክም ፎቶ አንሡት። ካናኪ የዳኘችው በእጇ በያዘችው ማስረጃ ነው።