ግሬቭ

ጅቡቲ ወደብ በር ላይ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትከር፣ የቀን ሠራተኞች ተኮልኩለው መርከብ ማራገፍ እስኪታዘዝላቸው ይጠብቃሉ። እነዚያው ሰዎች ነገ ክፍያው ካልተሻሻለ ዕቃ አንነካም ቢሉ፣ በጅቡቲ ፈረንሳይኛ «ግሬቭ» ይባላል። ቃሉ ራሱ ከዚህ ዓይነት ጥበቃ የወጣ ነው። ፓሪስ ውስጥ በሴን ወንዝ ዳር ግሬቭ የሚባል አሸዋማ ሜዳ ነበር፤ ሥራ ያጣ እዚያ ቆሞ ቀጣሪ ይጠብቅ ነበር። «ግሬቭ ላይ ነኝ» ማለት መጀመሪያ ሥራ ፈላጊ ነኝ ነበር፤ ሥራ አልሠራም የሚለው ትርጉም ኋላ መጣ።

ከጅቡቲ በ1897 (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው) መዘርጋት የጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከባቡር ኩባንያው ፈረንሳይኛ «ለገሃር» ተረፈን፤ ግሬቭ ግን አማርኛ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ቦታውን «አድማ» ይዞበታል።

አድማ ደግሞ ንጹሕ ቃል አይደለም። አደሙበት ስንል ተማክረው ተነሡበት ማለታችን ነው፤ አድመኛ የሚባል ሰው አይታመንም። የምድር ባቡር ሠራተኞች በ1947 ማኅበር አቋቁመው በ1949 ሥራ ሲያቆሙ በኃይል ተበተኑ። ለበተናቸው ሹም ጆሮ የገባው አድማ በድሮው ትርጉሙ ይመስለኛል።

ሐዲዱ አንድ፣ ቀጣሪውም አንድ፣ ሕጉ ግን ሁለት ነበር። በጅቡቲ በኩል ፈረንሳይ በ1952 ያወጣችው የባሕር ማዶ ግዛቶች የሥራ ሕግ ለሠራተኛ ማኅበር ዕውቅና ይሰጥ ነበር። በኢትዮጵያ በኩል የ1955ቱ ሕገ መንግሥት የመደራጀትን ነገር ቢጠቅስም፣ የሠራተኛ ማኅበር ሕጋዊ መልክ ያገኘው በ1962 ድንጋጌና በተከታዩ ዓመት አዋጅ ነው፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርም (ኢሠአማ) የተመሠረተው በ1963 ነው።

የዛሬው የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አድማን ትቶ «ሥራ ማቆም» ይላል። ጨዋ ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። «አበበ ሥራ አቆመ» ቢባል የሚሰማን አበበ መልቀቁ ነው፤ ግሬቭ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን የሚያደርገው ነገር አይደለም። ስለዚህ ግሬቭን «የሥራ ማቆም አድማ» ብዬ እተረጉማለሁ። አድማ ውስጥ ያለው ምክክር ሳይቀር ይግባ፤ ወደቡ በር ላይ የተኮለኮሉትም መጀመሪያ የሚያደርጉት እሱን ነው።