ሞኝ የተባለው ፕሮግራም

የድሮው የወላይታ ቤት ሠሪ ወረቀት ላይ የሰፈረ ንድፍ አልነበረውም። ከሩቅ ሲታይ ትልቅ የንብ ቀፎ የሚመስለው ክብ ሣር ቤት በእርምጃና በክንድ ተለክቶ፣ በጎረቤት ጉልበት ተማግሮ ይቆም ነበር። ወፍራሙ እንጨት የት፣ ቀጭኑ ማገር የት እንደሚገባ የሚያውቀው የአባቱን ሥራ እያየ ያደገ ሰው ነው። ደግሞም ግምቱ ቢዛነፍ ቤቱ ቀላል ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃን የሚገፋው በክብደቱ ልክ በመሆኑ፣ ሣርና እንጨት የሚደርስበት ግፊት ትንሽ ነው።

ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር ከተሸነፉ በኋላ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለችው ሶዶ የአስተዳደር ከተማ እየሆነች ሄደች። ቆርቆሮ ቀስ በቀስ የሣሩን ቦታ ያዘ። ብሎኬትና ኮንክሪት ተከተሉ። ከክብደቱ ጋርም አደጋው አብሮ መጣ፤ በእርምጃና በክንድ የሚሠራው ግምት ከእንግዲህ አይበቃም።

ለዚህ የሚበቃው ስሌት የተወለደው ሩቅ አገር ነው። በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ኤድዋርድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ሳፕ የተባለውን ፕሮግራም አወጡ። ሳፕ በእንግሊዝኛ የመንገድ ቋንቋ «ሞኝ» ማለት ነው። ስሙን ሆን ብለው እንደመረጡት ራሳቸው ጽፈዋል። ፕሮግራሙ ማሰብ እንደማይችል፣ ሕንፃውን በትክክል የመወከሉም ሆነ የውጤቱ ኃላፊነት የመሐንዲሱ እንደሆነ ለተጠቃሚው ለማስታወስ ነበር። ራሱን ሞኝ ብሎ ገበያ የወጣ ዕቃ ከዚህ ሌላ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1975 ለፎቅ ሕንፃ ብቻ የታሰበው ኢታብስ ተከተለ። ብልሃቱ የሚገርም ነው። ሶሌታውን በአግድም እንደማይተጣጠፍ ትሪ ይቆጥረዋል። ትሪ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይንሸራተታል፣ ወይም ባለበት ይዞራል፤ ሦስት እንቅስቃሴ ብቻ። በመቶ የሚቆጠሩ መገጣጠሚያዎች በአንድ ፎቅ ሦስት ቁጥር ሆነው ቀሩ፤ በካርድ ይመገብ የነበረው የዚያ ዘመን ኮምፒዩተርም ቻላቸው። ይሁን እንጂ ሶሌታው መሐሉ ለደረጃና ለብርሃን በሰፊው የተቀደደ ከሆነ ትሪ መሆኑ ይቀራል። ይህን ለማሽኑ የሚነግረው መሐንዲሱ ነው።

አገራችን ደግሞ የራሷን ደንብ አዘጋጀች። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሕንፃ ኮድ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል ተብሎ የሚገመተውን መንቀጥቀጥ መነሻ አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውና የአውሮፓን ኮድ የተከተለው ደንብ ይህን ወደ 475 ዓመት ከፍ አደረገው፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ የመድረስ ዕድሉ ከመቶ አሥር የሆነ መንቀጥቀጥ ማለት ነው። በቀድሞው ኮድ «አልፏል» የተባለ የፎቅ ሞዴል በአዲሱ ሲፈተሽ ላያልፍ ይችላል። ሶዶ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ዳርቻ ያለች ከተማ ናት፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ደጋግሞ ሲናወጥ እንዳየነው ሸለቆው ገና አላረፈም።

ያሁኖቹ ፕሮግራሞች ከያኔው ጋር አይወዳደሩም። ሶሌታን በራሳቸው ይሸነሽናሉ፤ የፌሮውን ብዛት ያወጣሉ፤ አርክቴክቱ የሠራውን ሞዴል በቀጥታ ይቀበላሉ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ድካም ያቃልላል፤ ግን ወጥመድ አለው። በአርክቴክቱ ሥዕል ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ የተዛነፈ ቢም ስክሪኑ ላይ ከኮለኑ ጋር የገጠመ ይመስላል፤ በስሌቱ ግን አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። ሞዴሉን አጉልቶ በእንቅስቃሴ ማየት፣ የትኛው ክፍል ለብቻው እንደሚወዛወዝ መፈለግ የዚህ መድኃኒት ነው።

ሌላው ፍተሻ እርሳስ ብቻ ይፈልጋል። የተለመደ የኮንክሪት ፎቅ ክብደት በካሬ ሜትር አንድ ቶን ገደማ ነው። እያንዳንዱ ወለል 400 ካሬ የሆነ ባለ አምስት ወለል ሕንፃ እንግዲህ ወደ 2000 ቶን ይመዝናል። ፕሮግራሙ መሠረቱ ላይ 900 ቶን ካሳየ አንድ ጭነት ተረስቷል። ቀለም የተቀባ ውብ ሥዕል ይህን አይናገርም፤ በእኔ አስተያየት ወጣት መሐንዲሶች ይህን መጀመሪያ ቢማሩ ይሻላቸዋል።

ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። እንዲህ ባሉ ከተሞቻችን የተለመደው ፎቅ ምድሩ ሱቅ፣ ላዩ ቢሮ ወይም መኝታ ነው። ላይ ክፍሎቹ በብሎኬት ይታጠራሉ፤ ምድሩ ለመስታወትና ለዕቃ ማሳያ ክፍት ይተዋል። በሞዴሉ ውስጥ ብሎኬቱ ብዙውን ጊዜ ክብደት ብቻ ሆኖ ይገባል፤ ግትርነቱ አይቆጠርም። ስለዚህ ማሽኑ ሁሉንም ወለል እኩል ራቁት አድርጎ ያያል። እውነተኛው ሕንፃ ግን ላዩ እንደ ሣጥን የጠነከረ፣ እግሩ የላላ ነው፤ መሬት ሲናወጥ ጉዳቱ የሚከማቸው በምድር ቤቱ ኮለኖች ላይ ነው። የ2015ቱ ኮድ ግድግዳው በሳሳበት ወለል ላይ የሚታሰበው ኃይል እንዲጨምር ያዛል። ያንን ማባዣ ለማስገባት ግን መጀመሪያ አንድ ሰው ከኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ምድር ቤቱ ሱቅ እንደሚሆን ባለቤቱን መጠየቅ አለበት።