ስለ ስስትና ስለ ካሃማርካ ወርቅ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ በማስተምርበት ዘመን ስለ ስስት ክፋትና ያለኝ ይበቃኛል ስለ ማለት መልካምነት በተናገርሁ ቁጥር ከተማሪዎቼ አንዱ እጁን ያነሣና፣ «መምህር፣ ሰው ሁሉ ያለኝ ይበቃኛል ቢል ኖሮ መንገዱን ማን ይሠራው፣ ባሕሩንስ ማን ይሻገረው ነበር?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ጥያቄው የብልህ ጥያቄ ነው፤ በምክርና በተግሣጽ ብቻም የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ ወደ ታሪክ መሄድን መረጥሁ። ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ ለዚህ ጥያቄ በፔሩ አገር የሆነውን ያህል የሚስማማ አላገኘሁም።

ፔሩ በደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በታላላቆቹ የአንዲስ ተራሮች ላይ የምትገኝ አገር ናት። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ገደማ ነገሥታቷ ኢንካ ይባሉ ነበር። የኢንካ ሕዝብ በተራራ ላይ የድንጋይ መንገድ፣ በገደል ላይ የገመድ ድልድይ የሚሠራ፣ ለክፉ ቀን እህል በጎተራ የሚያከማች ብልህ ሕዝብ ነበረ፤ ነገር ግን ገንዘብ የሚባል ነገር አልነበረውም። ወርቅን የሚሻው ለቤተ መቅደሱና ለንጉሡ ጌጥ እንጂ ለመሸጫና ለመለወጫ አልነበረም፤ በጥሩ እጅ የተሸመነ ልብስ በእነርሱ ዘንድ እጅግ የከበረ ነበር። ይሁን እንጂ ከስስት የጸዱ ነበሩ ብዬ አላታልልህም፤ ስስት የሚይዘው ወርቅን ብቻ አይደለምና። አታዋልፓና ዋስካር የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች ለዙፋን ሲሉ ተዋግተው አገራቸውን ደም አልብሰዋት ነበር። አታዋልፓ አሸንፎ የድሉን ደስታ ገና ሳይጠግበው እንግዶቹ ደረሱበት።

እንግዶቹ የእስፓኝ ሰዎች ሲሆኑ አለቃቸው ፍራንሲስኮ ፒዛሮ ይባላል። ማንበብና መጻፍ የማያውቅ፣ ረኃብንና ድካምን የቻለ ብርቱ ሰው ነበር፤ ብርታቱን አልነፍገውም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ1532 ዓ.ም. ኖቬምበር 16 ቀን፣ 168 ሰዎቹን በካሃማርካ ከተማ አደባባይ ዙሪያ ባሉ ቤቶች ውስጥ ሸሽጎ ንጉሡን ጠበቀው። በዚያው ዘመን እኛም አገር ዐፄ ልብነ ድንግል ከግራኝ አሕመድ ጋር በጦርነት ላይ ነበሩና ጊዜውን በዚህ አስበው። አታዋልፓ ዋናውን ሠራዊት ከከተማ ውጭ ትቶ፣ አብዛኞቹ መሣሪያ ካልያዙ ብዙ ሺህ አጃቢዎች ጋር በትከሻ ተሸክመውት ገባ። ቪሴንቴ ደ ባልቤርዴ የተባለ መነኩሴ ቀርቦ ስለ ክርስትና ነገረውና መጽሐፍ ሰጠው፤ ንጉሡም መጽሐፉን ወደ መሬት ጣለው። ወዲያው መድፍ ተተኰሰ፣ ፈረሰኞችም ወጡ። እስኪመሽ ድረስ ብዙ ሺህ ሰው ሲያልቅ ከእስፓኞቹ አንድ ሰው እንኳ አልሞተም። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠርሁ ሰው ነኝና፣ የእግዚአብሔር ቃል ለእንዲህ ያለ ሥራ መክፈቻ መሆኑን ሳነብ አፍራለሁ።

ንጉሡ ታስሮ ሳለ የያዙትን ሰዎች ጠባይ ተመልክቶ ምን እንደሚሹ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ርዝመቱ 22 ጫማ፣ ወርዱ 17 ጫማ በሆነ ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ በግድግዳው ላይ ከሰው ቁመት ከፍ ያለ ምልክት አሳያቸው፤ ክፍሉን እስከዚህ ድረስ አንድ ጊዜ በወርቅ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ በብር አስሞላላችኋለሁና ልቀቁኝ አለ። ፒዛሮም ተስማማ። ከታሪኩ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ምልክት ነው። አታዋልፓ ስስትን እንደ ሆድ ረኃብ አየው፤ የተራበ ሰው ሲጠግብ እጁን ከገበታ እንደሚያነሣ፣ እነዚህም ወርቁ ምልክቱ ላይ ሲደርስ «በቃን» ይላሉ ብሎ አሰበ።

ወርቁ መጣ። ከኩዝኮ ቤተ መቅደስ ግድግዳ የተነቀለ የወርቅ ልባጥ፣ ማሰሮ፣ ጽዋ፣ ምስል፣ ይህ ሁሉ የባለ እጆች ሥራ በ1533 እየተሰባበረ ወደ እሳት ገባ፤ ቀልጦም ከ6,000 ኪሎ በላይ ወርቅና ወደ 12,000 ኪሎ የሚጠጋ ብር ወጣው። ለአንድ ፈረሰኛ 40 ኪሎ ያህል ወርቅና 80 ኪሎ ያህል ብር ሲደርሰው፣ እግረኛው የዚህን እኩሌታ ያህል አገኘ። ፒዛሮ የፈረሰኛውን ሰባት እጥፍ ያህል ከወሰደ በኋላ የንጉሡን የወርቅ ወንበር ጨመረበት። ጸሐፊው ፍራንሲስኮ ደ ኼሬስ እንደ ተረከው፣ ባለዕዳዎች ወርቅ አሸክመው አበዳሪዎቻቸውን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይፈልጉ ነበር። የፈረስና የወይን ጠጅ ዋጋ ሰማይ ወጣ፤ ወርቁ በዛ እንጂ የሚበላውና የሚጠጣው አልበዛም ነበርና።

ቤዛው ተከፈለ፤ ንጉሡ ግን አልተለቀቀም። በስውር ሠራዊት እያስመጣብን ነው የሚል ወሬ ተነሣ። ወንድሙን ዋስካርን ከእስር ቤት ሆኖ አስገድሏል የሚል ክስም ቀረበበት፤ ይህኛውን ክስ የዘመኑ ጸሐፊዎችም ይመሰክሩበታል። በእሳት እንዳይቃጠል ሲል ተጠመቀና በገመድ አንቀው ገደሉት። ወሬውን እንዲያጣራ የተላከው ኤርናንዶ ደ ሶቶ ሠራዊት የሚባል ነገር ሳያይ ሲመለስ ንጉሡን ሞቶ አገኘው። ፒዛሮ በዚያ ቀን «በቃኝ» ቢል ኖሮ ቃሉን የጠበቀ ባለጠጋ ሆኖ ወደ ትውልድ አገሩ መግባት ይችል ነበር። ይህችን አንዲት ቃል አጣት።

የፒዛሮ የብዙ ዘመን ባልንጀራ ዲዬጎ ደ አልማግሮ ካሃማርካ የደረሰው ንጉሡ ከተያዘ ከወራት በኋላ ስለ ነበረ፣ ለእርሱና ለሰዎቹ የደረሳቸው እጅግ ጥቂት ነበር። ቂሙ ከዚህ ተወለደ። አልማግሮ ሌላ የወርቅ አገር አገኛለሁ ብሎ በ1535 ወደ ቺሌ ዘመተ፤ ብዙ ሰው በብርድና በረኃብ አልቆበት ባዶ እጁን ተመለሰ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። በ1537 ኩዝኮ የእኔ ናት ብሎ ቢይዛት፣ የፒዛሮ ወንድም ኤርናንዶ በ1538 ድል ነሥቶ አስገደለው። በ1541 የአልማግሮ ወገኖች ፒዛሮን በሊማ ከተማ በገዛ ቤቱ በሰይፍ ገደሉት። በሚቀጥለው ዓመት የአልማግሮ ልጅ በተራው ተገደለ። ከፒዛሮ ወንድሞች ሁዋን ቀደም ብሎ በ1536 ኩዝኮ ላይ ከኢንካዎች ጋር ሲዋጋ ሞቶ ነበር፤ ጎንዛሎ በገዛ መንግሥቱ ላይ ስላመፀ በ1548 አንገቱ ተቀላ፤ ኤርናንዶም ወደ እስፓኝ ሲመለስ ታስሮ እስከ 1561 ድረስ ሃያ ዓመት ያህል በግንብ ውስጥ ኖረ።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። ከድህነት ለመውጣት መጣርና አዲስ አገር ለማየት መናፈቅ ሰውን ባሕር ያሻግረዋል፤ ይህንንም ማንም አይነቅፈውም። እስከ ካሃማርካ ድረስ ያደረሳቸው ብርታት ነው ቢባል እንኳ፣ ቤዛውን ተቀብለው ባለቤዛውን ያስገደላቸው ግን ብርታት አይደለም። መንገድ የሠራ ሰው ሲሞት መንገዱ ለሌላው ይቀራል። በካሃማርካ ምንም አልተሠራም፤ የተሠራው ቀለጠ እንጂ።

እስፓኝም ብትሆን አልበቃትም። ከ1545 ጀምሮ ከፖቶሲ ተራራ የሚወጣው ብር ተጨምሮላት ሳለ፣ ንጉሧ ፊሊጶስ 2ኛ በ1557፣ በ1575ና በ1596 ዕዳዬን መክፈል አልቻልሁም ለማለት ተገደደ፤ ብሩ ገና ሳይደርስ ለጦርነት ተበድሮበት ነበርና።

ድርሻቸውን ይዘው ወደ አገራቸው የገቡም ነበሩ። ከላይ ያነሣሁት ኤርናንዶ ደ ሶቶ በ1536 ባለጠጋ ሆኖ እስፓኝ ገባ፤ ነገር ግን ዕረፍት አጥቶ፣ ሌላ ፔሩ ፍለጋ በ1539 ወደ ፍሎሪዳ ተሻገረ፤ ወርቁንም ሳያገኝ በ1542 በሚሲሲፒ ወንዝ አጠገብ በትኩሳት ሞተ። ሁዋን ሩይስ ደ አርሴ የተባለ ፈረሰኛ ግን ወደ ተወለደባት ከተማ ወደ አልቡርኬርኬ ተመልሶ በዚያው ተቀመጠ፤ ያየውንና የሠራውንም ለልጆቹ ጽፎ ተወላቸው።

ይህን ሰው የይበቃኛል ባይ ምሳሌ ላድርገው ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ከባልንጀሮቹ ይልቅ አስተዋይ እንደ ነበረ አይካድም። ግን ለተማሪዎቼ ልናገር ስል አንደበቴ ይያዛል። በዚያች ቀን በአደባባዩ ፈረስ ከጋለቡት አንዱ እርሱ ነበር፤ በአልቡርኬርኬ የኖረበትም ሀብት ያው የቀለጠው ወርቅ ነው። እርሱ ጠግቦ ተነሣ፤ ገበታው ግን የሌላ ሰው ነበር። ታሪኩን ለልጆቹ በጻፈበት ዘመን የአታዋልፓ ወገኖች ለእስፓኝ ጌቶች በግዳጅ ይሠሩ ነበር፤ ከ1573 በኋላም በየመንደራቸው ወረፋ እየወጣላቸው ብር ለመቆፈር ወደ ፖቶሲ ጕድጓድ ይወርዱ ጀመር።