ከጽሕፈት ቤት መልስ የተጻፈ ፍቅር፤ የሀዲስ ዓለማየሁ የድርሰት ሕይወት ከዲላ ሲታይ

በደራሲያን መካከል ሁልጊዜ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ፣ ሰው የዕለት እንጀራውን በሌላ ሥራ እያገኘ ታላቅ ድርሰት ለመጻፍ ይችላልን? የሚለው ነው። በዲላ፣ በወናጎ፣ በይርጋ ጨፌና በአካባቢው ለሚገኙ የሙያ ጓደኞቻችን ጥያቄው የጨዋታ ርዕስ አይደለም። ከእነርሱ ብዙዎቹ ቀን ያስተምራሉ፤ ማታ የተማሪ ደብተር ያርማሉ። ሌሎቹም በጽሕፈት ቤት ወይም በቡና ንግድ ላይ ናቸው። የጀመሩት የፍቅር ታሪክ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ «ጊዜ ባገኝ» የሚባለውን ቀን ይጠብቃል። ይህን ቀን መጠበቅ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለመመርመር፣ በአማርኛ ከተጻፉት የፍቅር ልብ ወለዶች ሁሉ ይበልጥ የታወቀው «ፍቅር እስከ መቃብር» እንዴት ካለ ሕይወት እንደ ወጣ መመልከት ይጠቅማል።

ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወለዱ። የመጀመሪያ ትምህርታቸው የቤተ ክህነት ነበር፤ ቅኔም ተምረዋል። የቅኔ ቤትን ልማድ የሚያውቅ ሰው የድርሰት ሥራ ሥርዓት ከየት እንደሚጀምር አያጣውም። የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ በዛፍ ጥላ ወይም በገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ያርማል፤ ቤት የጎደለውን፣ ምሥጢር የሳተውን ይጥላል። የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አያገለግልም፤ በየዕለቱ አዲስ መቁጠር ግድ ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት ሦስት ነገር ያስለምዳል፤ ብቻን መቀመጥን፣ በየቀኑ መሥራትንና እርማትን ሳይቀየሙ መቀበልን። ለልብ ወለድ ጸሐፊም ከእነዚህ የበለጠ ስንቅ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመናቸው ግን ለድርሰት የሚመች አይመስልም። በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቀስመው አስተማሩ። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፤ ተማርከውም ወደ ኢጣሊያ ተጋዙና የተባበሩት መንግሥታት ጦር ነፃ እስኪያወጣቸው ድረስ ዓመታት በግዞት አሳለፉ። ከተመለሱ በኋላ በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተን፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና በለንደን አገራቸውን ወክለው ሠሩ፤ በሚኒስትርነትም አገለገሉ። የዲፕሎማት ቀን በደብዳቤ፣ በሪፖርትና በስብሰባ የሚያልቅ ነው። ሆኖም ከ500 ገጽ በላይ የሆነው «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ ደራሲው ከመንግሥት ሥራ ገና አልተለዩም ነበር።

እዚህ ላይ ዓመታቱን መቁጠር ያስተምራል። «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለው የተረት መጽሐፋቸው የወጣው በ1948 ዓ.ም. ነው። ረጅሙ ልብ ወለድ የመጣው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ፣ ደራሲው 56 ዓመት ሲሆናቸው ነው። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልም እዣት» በ1980፣ «ትዝታ» ደግሞ በ1985 ዓ.ም. ታተሙ። የመጨረሻው ሲወጣ ደራሲው 83 ዓመት ሆኗቸው ነበር። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ልብ ወለድ መካከል 16 ዓመት አለ። ይህ የችኮላ ሥራ አይደለም፤ የሰነፍ ሥራም አይደለም። ያዩትን ይዞ የመቆየት፣ የጀመሩትንም ያለመተው ልማድ ነው። በ1996 ዓ.ም. ሲያርፉ የተዉልን መጽሐፍ በቁጥር ብዙ የሚባል ባይሆንም፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ ሆኗል።

የሥራው ዓለም ጊዜያቸውን ቢወስድባቸውም በምትኩ የሰጣቸው ነገር አለ። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ለማስተማር ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሲገባ፣ የምናነበው የሁለት ወጣቶችን መዋደድ ብቻ አይደለም። ዘር የሚቆጥር ባላባት፣ ስእለት የተሳለች እናት፣ እውነት በመናገሩ «ጉዱ» የተባለ ሊቅ፣ እምቢ ብለው የሚነሡ ገባሮች አሉ። ፍቅሩ እንዳይፈጸም ያደረገው የአንድ ሰው ክፋት ሳይሆን ሙሉ ሥርዓት ነው። ይህን ሥርዓት ለማሳየት ገጠሩን በልጅነት፣ ቤተ መንግሥቱንና ጽሕፈት ቤቱን ደግሞ በጉልምስና ማወቅ ያስፈልግ ነበር። በሥራ ላይ ያልዋለ ደራሲ ይህን ሁሉ ከየት ያገኘው ነበር?

በጎጃም ምድር የተተከለው ይህ ታሪክ ለጌዴኦ አንባቢም እንግዳ ያልሆነበት ምክንያት ከዚሁ ይመነጫል። መጽሐፉ ከመታተሙ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ ያን ጊዜ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረው በዚህ አካባቢ፣ ቡና አምራቹ ገበሬ በባለ መሬቶች ላይ ተነሥቶ በሚችሌ ተዋግቷል። አብዛኛው የያዘው ጦርና ጎራዴ ነበር፤ ከፊቱ የቆመው ግን ጠመንጃ ነበርና ብዙ ሰው አለቀ። ደራሲው ስለ ሚችሌ ጻፉ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ከአባቱ የገባርነትን ታሪክ የሰማ የዲላ ወጣት፣ በአበጀ በለው መሪነት የተነሡትን ገባሮች ሲያነብ ማስረጃ አያሻውም። ያ የመሬት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቢሻርም፣ ልብ ወለዱ የሰው ልብ በእርሱ ሥር ምን ይመስል እንደ ነበር ጠብቆ አቆይቶልናል። ማንበብ ላልቻለው ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያነበበው ትረካ ደርሶለታል።

ይሁን እንጂ የመንግሥት ሥራና ድርሰት ሁልጊዜ በሰላም አይኖሩም። በዓሉ ግርማም ጋዜጣና መጽሔት እያዘጋጀ፣ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር በከፍተኛ ኃላፊነት እየሠራ፣ በ1962 ዓ.ም. ከወጣው «ከአድማስ ባሻገር» ጀምሮ ስድስት ልብ ወለዶች ጽፏል። የፍጥነቱም ምንጭ የጋዜጠኛ ልማድ ይመስለኛል፤ የተወሰነለትን ሰዓት የሚያከብር እጅ። ነገር ግን በሥራው አጋጣሚ ያየውን የኤርትራን ዘመቻ ከፍቅር ታሪክ ጋር አዋሕዶ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያወጣ፣ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ሥራው የሰጠውን እውነት ሥራው ራሱ አስከፈለው። ስለዚህ ደመወዝተኛ ደራሲ ከጊዜ እጥረት ሌላ፣ ያየውን ሳይሸራርፍ የመጻፍ ፈተና እንዳለበት መዘንጋት የለበትም።

ከሁለቱ ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አንዱ ዘግይቶና በዝግታ፣ ሌላው በጉልምስናው ወራት በፍጥነት ጻፈ፤ ሁለቱም ግን ባዶ ቀን እስኪመጣ አልጠበቁም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የጌዴኦን መልክዓ ምድር የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ገበሬው ለእንሰቱ አንድ ማሳ፣ ለቡናው ሌላ ማሳ ለይቶ አይሰጥም። ሁለቱንም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በአንድ መሬት ላይ ያሳድጋል፤ የሚደርሱበትም ጊዜ የተለያየ ነው። በአካባቢው የምትገኙ ባልደረቦቻችንም የማስተማሪያውን ቀንና የመጻፊያውን ሌሊት በአንድ ሕይወት ውስጥ አብሮ ማሳደግ ይቻላችኋል። በቀን አንድ ገጽ የሚጽፍ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያህል ገጽ ይጨርሳል። የዲላና የይርጋ ጨፌ ፍቅር፣ በቡና ለቀማ ወራት የሚጀመረውና በቤተሰብ ሸንጎ የሚፈተነው፣ ገና የራሱን ታላቅ መጽሐፍ ይጠብቃል። ያን መጽሐፍ የሚጽፈው ሰው ምናልባት ዛሬ ማታ ደብተር እያረመ ይሆናል፤ እርማቱን ሲጨርስ መብራቱን ባያጠፋ መልካም ነው።