የስብሐትን ጫት አየን፣ ጠረጴዛውን አላየንም

ስለ ስብሐት ገብረእግዚአብሔር ወሬ ያልሰማ አንባቢ የለም። ጫቱ፣ ቀልዱ፣ ለገንዘብ ደንታ ማጣቱ፣ በዙሪያው የሚሰበሰቡት ወጣት ጸሐፊዎች። ሆሳዕና ውስጥ ድርሰት ከሚሞክሩ ልጆች ጋር ሻይ ስንጠጣ ስሙ ሳይነሳ የምንለያየው ከስንት አንዴ ነው። የሚነሳው ግን ሰውየው ነው፣ መጽሐፉ አይደለም። አንዱማ «እኔ ሳልቅም አንድ መስመር አይወጣልኝም፣ ጋሽ ስብሐትም እንደዚሁ ነበር» ብሎኛል። እስካሁን ምርቃናውን እንጂ ጽሑፉን አላሳየኝም።

ይህ ወሬ የሚሸፍነው ታሪክ አለ። በ1928 ዓ.ም. አድዋ አካባቢ እርባ ገረድ የተወለደው ስብሐት «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው በ1950ዎቹ፣ ፈረንሳይ አገር ኤክስ አን ፕሮቫንስ ተማሪ ሳለ ነው። ኤሚል ዞላን ያነበበ ወጣት፣ የውቤ በረሃን ሌሊት ከነሴቶቹና ከነደንበኞቻቸው እንዳለ ወረቀት ላይ ማስፈር ፈለገ። አማርኛው ደግሞ የቤተ ክህነትም የቤተ መንግሥትም አልነበረም። ሰው ቡና ቤት ተቀምጦ የሚያወራበት፣ አጭርና ያልተቀባባ አማርኛ ነው። አስቡት፤ በዚያ ዘመን ይህን የሚያሳልፍ ሳንሱር የት ይገኛል? መጽሐፉ ለአሥርት ዓመታት በሙሉ መልኩ ሳይታተም ቆየ። በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ደራሲው ወደ ሰባ ዓመቱ ተጠግቶ ነበር።

በሃያዎቹ ዕድሜው የጻፈው መጽሐፍ በእጁ የቀረበት ሰው ብዙውን ጊዜ ብዕሩን ይጥላል። ስብሐት አልጣለም። በ«መነን»፣ በ«አዲስ ዘመን»፣ በ«የካቲት» መጽሔት እየሠራ አጫጭር ልቦለዶቹንና መጣጥፎቹን መጻፉን ቀጠለ። በ2004 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ስሙ ከጋዜጣና ከመጽሔት ገጽ ብዙም አልራቀም። ለኔ ከጫቱ ይልቅ ሊወራለት የሚገባው አመል ይሄ ነው።

ስብሐትን ወደ ልቦለድ ያስገባው በዓሉ ግርማ መሆኑን ታስታውሱ ይሆናል። በ1972 ዓ.ም. የታተመው «ደራሲው» ውስጥ ያለው ሲራክ፣ ከኑሮውና ከብዕሩ ጋር የሚታገለው ጸሐፊ፣ በስብሐት አምሳል የተቀረጸ ነው ሲባል ኖሯል። እኔን የሚገርመኝ ግን ጸሐፊው ራሱ በዓሉ ነው። እሱ እንደ ሲራክ አልነበረም። የጋዜጣና የመጽሔት አዘጋጅ፣ በኋላም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ የነበረ የቢሮ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሥልጣን ላይ ሆኖ ከ1972 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ን፣ «ደራሲው»ን፣ «ሀዲስ»ንና «ኦሮማይ»ን አወጣ። «ሀዲስ» ደግሞ ቀደም ሲል በ1966 ያሳተመውን «የህሊና ደወል» እንደገና አስፍቶ የጻፈው ነው። የታተመ መጽሐፉን መልሶ የሚፈታ ደራሲ አገራችን ውስጥ ስንት አለ?

በ«ኦሮማይ» የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የቀይ ኮከብ ዘመቻን ከውስጥ ያየ ሰው፣ ያየውን ጻፈ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ቮልስዋገኑ በቃሊቲ አቅጣጫ ቆማ ተገኘች። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

አንዱ ዝርክርክ፣ ሌላው ሥርዓት ያለው የቢሮ ሰው። አኗኗራቸው ለየቅል፣ እንቅፋታቸው ግን ያው አንድ ነው፤ ሁለቱም መጻፍ አላቃታቸውም። የጻፉትን የሚከለክል ነበረ። ስለዚህ ስለ ደራሲ «ችግር» ስናወራ ስለ አረቄና ስለ ጫት ብቻ ማውራታችን ለከልካዮቹ ውለታ እንደመዋል ነው።

ዛሬ ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ የሚጽፍ ልጅ ሳንሱር ቢሮ አይሄድም። የሚሄደው አዲስ አበባ ነው፤ ከሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል። እዚያ ማተሚያ ቤቱ ቀብድ ይጠይቀዋል፣ ወረቀት ተወደደ ይለዋል፣ አከፋፋዩ «ስምህ አይታወቅም» ይለዋል። በሀዲይሳ ወይም በከምባትኛ የጻፈ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ የሚያናግረው አያገኝም። ረቂቁን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ይመለሳል። ሻይ ቤት ሲያገኘን የምንጠይቀው ስለ ረቂቁ አይደለም፤ «ትቅማለህ እንዴ?» ነው።