ታካሚው ምን ይጠብቅ? የፊኛ ምርመራ አጭር ታሪክ

በመርሳ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



የዛሬው ርዕስ ለሐኪሞች ብቻ የተተወ ይመስል ይሆናል። እኔ ግን የታሪክ ጥያቄ አድርጌ ላቀርበው እወዳለሁ። ሽንቱ ደም የቀላቀለበት ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ በልቡ የሚመላለሰው «ምን ያደርጉኝ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ነው። መልሱ በየዘመኑ ተለዋውጧል። እንዴትና ለምን እንደ ተለወጠ ስንመረምር፣ የመሣሪያው መሻሻል የታሪኩ ግማሽ ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለብዙ ዘመናት ሐኪሞች ስለ ፊኛ የሚያውቁት ከውጭ በመገመት ነበር። የሽንቱን ቀለም፣ ሽታና ዝቃጭ ያያሉ፤ ጠጠር ሲጠረጥሩም በሽንት መውጫው የብረት ዘንግ አስገብተው ከጠጠሩ ጋር ሲጋጭ ያዳምጣሉ። ጠጠሩን ቀዶ ማውጣት ያለ ማደንዘዣ ይከናወን ስለነበር ሥቃዩ ከባድ፣ ሞቱም ብዙ ነበር። በሂፖክራተስ ስም የሚታወቀው ጥንታዊ መሐላ ሐኪሙ ለጠጠር ሲል እንዳይቀድና ሥራውን ለዚያ ሙያ ሰዎች እንዲተው ማዘዙ፣ ነገሩ ምን ያህል ይፈራ እንደነበር ያመለክታል።

በ1806 የፍራንክፈርቱ ሐኪም ፊሊፕ ቦዚኒ የሻማን ብርሃን በመስተዋት እያንጸባረቀ በቀጭን ቱቦ ወደ ሰውነት ውስጥ የሚመራ መሣሪያ አቀረበ። ቪየና ውስጥ ተፈትሾ የሕክምና ፋኩልቲው አልተቀበለውም፤ ቦዚኒም በ1809 በታይፈስ ሞተ። ብርሃኑ ደካማ፣ የሚታየውም ስፍራ ጠባብ ነበር። ችግሩን በአዲስ መንገድ የፈታው ጀርመናዊው ማክሲሚሊያን ኒትዘ ነው። የብርሃኑን ምንጭ ከውጭ ከማብራት ይልቅ ራሱን ወደ ፊኛው ማስገባት አለብን አለ። ከቪየናው መሣሪያ ሠሪ ከዮሴፍ ላይተር ጋር በ1879 ያሳየው ሲስቶስኮፕ፣ በኤሌክትሪክ የጋለ የፕላቲነም ሽቦ ያበራ ነበር፤ ሽቦው ታካሚውን እንዳያቃጥል ቀዝቃዛ ውኃ ዙሪያውን እንዲፈስ ይደረግ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ትንሽ አምፖል ሽቦውን ተካው። በ1884 ካርል ኮለር ኮኬይን የዓይንን ገጽ እንደሚያደነዝዝ ሲያስረዳ፣ የአካባቢ ማደንዘዣ ዘመን ተከፈተ። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ደግሞ የእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ የሃሮልድ ሆፕኪንስ የመስተዋት ዘንግ ሌንሶችና ተጣጣፊው የመስተዋት ክር ምስሉን አጠሩት፤ ጠንካራውንም ብረት በብዙ ምርመራዎች ተጣጣፊ ቱቦ ተካው።

እስካሁን የተናገርሁት የመሣሪያ ታሪክ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ፣ ማለትም የታካሚውን ክብር ታሪክ፣ ከአገራችን የተሻለ የሚያስተምረን ጥቂት ነው። በ1959 ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን በአዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በዚያ ያገኟቸው ሴቶች ለቀናት በዘለቀ ምጥ የተጎዱ ነበሩ፤ የሕፃኑ ራስ ፊኛን ከዳሌ አጥንት ጋር ሲጫነው ሥጋው ደም አጥቶ ይሞታል፣ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ሽንትም ያለ ማቋረጥ ይፈስሳል። ለፌስቱላ የሚደረገው ምርመራ ቀላል ነው፤ ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ በካቴተር ወደ ፊኛ ይገባና የሚያፈስሰው ቦታ ይፈለጋል። ከባዱ ነገር ከቤተሰብና ከጎረቤት የተገለለችውን ሴት ያለ ኀፍረት ለምርመራ እንድትቀርብ ማድረግ ነበር። በ1974 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ለዚህ ያገኘው ዘዴ የዳኑትን ሴቶች የአዲስ መጪዎቹ አስታማሚ ማድረግ ነው። ራሷ ታካሚ ሆና የመጣችው ማሚቱ ጋሼ፣ መደበኛ የሕክምና ትምህርት ሳትማር፣ የፌስቱላ ቀዶ ጥገና ባለሙያ እስከ መሆን ደረሰች። ታካሚዋ ምን እንደሚጠብቃት የምትሰማው ያንኑ ካለፈች ሴት አንደበት ሆነ።

ይህ ትምህርት ለእኛም አካባቢ ይጠቅማል። በወይና ደጋ ወንዞቻችን የተለመደው ቢልሃርዚያ አንጀትን የሚያጠቃው ነው፤ ፊኛን የሚያቆስለውና ሽንትን በደም የሚያቀላው ዓይነት የሚገኘው እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላዎች ነው። ስለዚህ ከሀብሩ ወደ አፋር ቆላ ለሥራ ወርዶ የተመለሰ ሰው ለሐኪሙ የት እንደ ሠራና በየትኛው ውኃ እንደ ታጠበ መንገር አለበት። ምርመራው ከመሣሪያው በፊት በታሪክ ይጀምራል።

ዛሬ ሲስቶስኮፒ የታዘዘለት ሰው አስቀድሞ ሽንቱ ኢንፌክሽን እንዳለበት ይታያል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም አለርጂ ያለበት ይህን መናገር ይገባዋል። በተጣጣፊው መሣሪያ ሲሆን ማደንዘዣ ቅባት በሽንት መውጫው ይገባል፤ ታካሚው ነቅቶ፣ በጀርባው ተኝቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ፊኛው በውኃ ሲሞላ ሽንት የመጣ ይመስላል፤ ይህ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ማቃጠልና ቀላ ያለ ሽንት ሊኖር ይችላል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ሽንት መከልከል፣ ወይም የረጋ ደም ከታየ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል።

አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ሆኖም ሰው የሚሸሽገው ብዙውን ጊዜ ሞኝ ሆኖ ሳይሆን የሚደረግበትን የሚነግረው አጥቶ ነው። ሽንት ውስጥ የታየ ደም፣ ሕመም ባይኖረውም እንኳ፣ የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ቀን አይሰጥም። ከቦዚኒ ሻማ እስከ ዛሬ ብርሃን ወደ ፊኛ ገብቷል፤ ወደ ታካሚው አእምሮ የሚገባው ብርሃን ግን የቃል ነው። ይህን ቃል በአማርኛ፣ በግልጽና በአክብሮት መናገር የሐኪሙም፣ የመምህሩም፣ የእናንተ የተማሪዎቹም ኃላፊነት ነው።