ሁለት የጥጥ ከተሞች፣ ሁለት ክለቦች፦ አክሪንግተን ስታንሌይና የድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር



ለዛሬው ገለጻ የመረጥኩት ርእስ ለታሪክ መምህር ቀለል ያለ ሊመስል ይችላል፤ እግር ኳስ ነው። ያውም የታላላቆቹ ክለቦች አይደለም። ከሰሜን እንግሊዝ አንድ የታችኛው ሊግ ክለብ፣ ከእኛ አገር ደግሞ አንድ የፋብሪካ ክለብ ወስጄ ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ። ሁለቱም የጥጥ ከተማ ልጆች ናቸው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1962 ትልቅ ነገር ደርሶባቸዋል፤ አንዱ በዕዳ ተዘፍቆ ከሊጉ ወጣ፣ ሌላው የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ። ዛሬ በአገሩ ሊግ ስሙ የሚጠራው ግን ያን ዓመት የወደቀው ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚለው ጥያቄ ከኳስ ሜዳ አልፎ ስለ ተቋምና ስለ ባለቤትነት የሚነግረን ነገር አለ ብዬ አምናለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። የውድድር መዝገቦች በአውሮፓ አቆጣጠር የተያዙ ስለሆኑ የሻምፒዮናዎቹን ዓመታት በዚያው እጠራለሁ። የአገራችንን ሌሎች ክንውኖች በእኛው ዘመን እናገራለሁ፤ ያን ጊዜም «ዓ.ም.» እላለሁ።

አክሪንግተን በላንክሻየር ግዛት የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። ላንክሻየር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዓለም የጥጥ ፈትልና ሽመና እምብርት ነበረች። የእግር ኳስ ሊግ የሚባለው ነገርም ከዚህ ኑሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 የወጣው የእንግሊዝ የፋብሪካ ሕግ በፈትልና ሽመና ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ እንዳይሠሩ ከለከለ። ያለ እነርሱ ፋብሪካው ሊዞር አይችልምና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀስ በቀስ የሠራተኛው ሁሉ ዕረፍት ሆነ፤ ያን ባዶ ሰዓት ኳስ ሞላው። በ1888 የመጀመሪያው ሊግ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ 12 ክለቦች 6ቱ የላንክሻየር ነበሩ። ከእነዚያ አንዱ አክሪንግተን የሚባል ክለብ ነው፤ እርሱ ግን ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ ጠፋ። የኛው ባለታሪክ አክሪንግተን ስታንሌይ ሌላ ነው። ወደ ሊጉ የገባው በ1921 ሲሆን ዕድሜውን በሙሉ በታችኞቹ ምድቦች የቆየ፣ ዋንጫ የማያውቅ ክለብ ነበር።

በመጋቢት 1962 ክለቡ የውድድሩ ዓመት ሳይጠናቀቅ በዕዳ ምክንያት ከሊጉ መልቀቂያ ጻፈ። ወዲያው ሐሳቡን ቀይሮ ደብዳቤውን ልመልስ ቢልም ሊጉ አልተቀበለውም። ያን ዓመት የተጫወታቸው ጨዋታዎች ውጤት ሁሉ ከመዝገብ ተሰረዘ። ቦታውን ኦክስፎርድ ዩናይትድ ወሰደ።

ከዚያ ደብዳቤ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ከዚህ ከስድስት ኪሎ ቁልቁል በሚገኘው ስታዲየም ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ፣ አሥመራ የተወለደ፣ ከጣሊያን አባትና ከኤርትራዊት እናት የተገኘ ሰው ነው። በዚያ ዘመን የሚጫወተው ግን ለድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር ነበር። ለምን ድሬዳዋ? መልሱ ሥራ ነው። የዘመኑ ተጫዋች በኳስ ብቻ አይኖርም፤ ክለቡ የያዘው ፋብሪካ በደመወዝ መዝገቡ ላይ ያሰፍረዋል፤ ጠዋት ፋብሪካ፣ ከሰዓት ልምምድ። ባቡር የፈጠራት ከተማ ባቡሩ ባመጣላት ፋብሪካ አማካይነት ከሩቅ ሰው መሳብ ቻለች።

ውጤቱን የሻምፒዮኖቹ ዝርዝር ይነግረናል። ጥጥ ማኅበር በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። በመካከሉ፣ በ1964፣ ዋንጫውን የወሰደው የዚያችው ከተማ የሲሚንቶ ፋብሪካ ቡድን ኢትዮ ሲሚንቶ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ዋንጫው በሐዲድ ወደ ምሥራቅ ወረደ ማለት ነው። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ፣ በየካቲት 1965 አክራ ላይ ከተሰበሰቡት አራት የመጨረሻ ክለቦች አንዱ ጥጥ ማኅበር ነበር። በግማሽ ፍጻሜው በማሊው ስታድ ማሊየን 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ ዋንጫውን የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ወሰደ። ተማሪዎቼ የእንግሊዝን ሊግ የደረጃ ሰንጠረዥ ከእኔ አሳምረው ይነግሩኛል። አዲሱ ገበያ በሚገኙት የኳስ ማሳያ ቤቶች ቅዳሜ ቦታ አይገኝም። የመጀመሪያውን የአፍሪካ ክለቦች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ የተጫወተ የኢትዮጵያ ክለብ ማን ነው ብዬ ስጠይቅ ግን አብዛኞቹ «ጊዮርጊስ» ይሉኛል። የጊዮርጊስ ግማሽ ፍጻሜ በ1967 ነው፤ ጥጥ ማኅበር ይቀድመዋል።

እዚህ ላይ ዝርዝሩን ሰፋ አድርገን ብናነበው ጥሩ ነው፤ የኢትዮጵያ ሻምፒዮኖች ዝርዝር የመንግሥትና የኢኮኖሚ ታሪካችን ጥላ ነውና። በ1944 አምስት ቡድኖች የተሳተፉበትን የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ቡድን ነው። የተሸነፉት ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ ነበሩ። ከጣሊያን ወረራ ማግሥት አዲስ አበባ ምን ትመስል እንደነበር ከዚህ የተሻለ ሰነድ ማግኘት ይከብዳል። የ1950ዎቹን መጀመሪያ የጦር ሠራዊቱ ቡድን ገዛው። ቀጥሎ የኤርትራ ክለቦች ይመጣሉ፤ ሐማሴን፣ አካለ ጉዛይ፣ ኋላም ቴሌና አሥመራ፣ በ1974 ደግሞ እምባሶይራ። ከዚያ ወዲህ የአሥመራ ስም በዝርዝሩ ላይ የለም። ምክንያቱን ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አብዮቱ ሲመጣ ስሞቹም ቋንቋቸውን ለወጡ። በ1977 ምድር ባቡር፣ በ1978 ኦጋዴን አንበሳ፣ በ1980 ትግል ፍሬ፣ በ1981 እርምጃችን። ከእነዚህ የመጨረሻ ሁለት ስሞች ዘመኑን ለመገመት የታሪክ ባለሙያ መሆን አይጠይቅም። በጥር 1967 ዓ.ም. 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ሲወረሱ የክለብ ባለቤትነትም አብሮ ተሸጋገረ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ድሬዳዋ ራሷ የጦር ግንባር ሆነች፤ የባቡሩ መስመር ተቆረጠ። ጥጥ ማኅበር በዚህ ሁሉ መሐል አልሞተም፤ በ1983 ለአምስተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። አምስተኛው የመጨረሻው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የክለቡ ሳይሆን የፋብሪካው ነው። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ገበያው ሲከፈት ሰልባጅና ከእስያ የሚመጣው ርካሽ ጨርቅ የቆዩትን የፈትልና ሽመና ፋብሪካዎች አዳከማቸው። የድሬዳዋው ፋብሪካ ማሽኖቹ አርጅተው ማምረት እስከ ማቆም ደረሰ፤ አሮጌው የባቡር መስመርም ቆመ። ክለቡን በመሸነፉ ምክንያት የጣለው ተጋጣሚ የለም። ደመወዝ መዝገቡ ሲዘጋ ተጫዋች የሚሰፍርበት ገጽ ጠፋ፤ ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው።

አሁን ወደ አክሪንግተን እንመለስ። የላንክሻየር የጥጥ ኢንዱስትሪም ሞቷል፤ ያውም ከድሬዳዋው በፊት። ክለቡም ከሊጉ ከወጣ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በ1966 ፈረሰ። ግን በ1968 የከተማዋ ሰዎች በዚያው ስም አዲስ ክለብ አቋቋሙና ከሥር ጀመሩ። ረጅም ጉዞ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ስሙ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የወተት ማስታወቂያ ላይ የማይታወቅ ክለብ ምሳሌ ሆኖ ይጠራ ነበር። በ2006 ከ44 ዓመት በኋላ ወደ ሊጉ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ከሊጉ ከወረዱት አንዱ፣ በ1962 ቦታውን የወሰደው ኦክስፎርድ ዩናይትድ ነው። ታሪክ እንዲህ ዓይነቱን ቀልድ ሁልጊዜ አይፈቅድም። በ2018 ወደ ሦስተኛው እርከን ወጣ፤ በ2023 ተመልሶ ወረደ። መውረድ እዚያ የኑሮ አካል ነው።

ልዩነቱን በባህል ብቻ ማስረዳት አይበቃኝም፤ «እንግሊዞች ኳስ ይወዳሉ» ማለት ምንም አያስረዳም፤ እኛም እንወዳለን። ልዩነቱ በተቋሙ አወቃቀር ነው። የአክሪንግተን ክለብ ተጫዋቹን የሚከፍለው በዋናነት ከመግቢያ ትኬት ነበር፤ የጥጥ ፋብሪካ ባለሀብት በቦርዱ ቢቀመጥም ክለቡ የፋብሪካው ክፍል አልነበረም። በሕግ ራሱን የቻለ አካል ስለነበር ሊከስር፣ ሊፈርስ፣ በኋላም ሌሎች ስሙን ሊያነሡት ቻለ። ጥጥ ማኅበር በአንጻሩ የፋብሪካው የስፖርት ክፍል ነበር። ክፍል ብቻውን አይከስርም፤ ብቻውንም አይነሣም።

ይህን ስል የእንግሊዙን መንገድ እያሞገስኩ አይደለም። ከአክሪንግተን ብዙም የማትርቀው ሌላዋ የጥጥ ከተማ በሪ፣ በ1900 እና በ1903 የእንግሊዝ ኤፍ.ኤ. ዋንጫን የወሰደ ክለቧን በ2019 አጥታለች፤ ሊጉ ያባረረው በባለቤቱ የገንዘብ ጣጣ ነው። አንድ ግለሰብ ባለቤት ሲሆንም ክለብ በደመወዝ ከፋዩ እጅ ይወድቃል። የበሪ ደጋፊዎች ግን እንደ አክሪንግተን ሰዎች ከሥር ጀምረው ነበር።

ክርክሬን የሚፈትን ሌላ ምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ሰው «መብራት ኃይል» ብሎ የሚያውቀው ኤሌክትሪክ በ1993፣ በ1998 እና በ2001 ሻምፒዮን ሆኗል፤ የ1998ቱ የአዲሱ ፕሪምየር ሊግ የመጀመሪያ ዋንጫ ነው። በ2001 ዮርዳኖስ ዓባይ 24 ጎል አግብቶ ለዓመታት ያልተደፈረ ክብረ ወሰን ያስመዘገበው በዚህ ክለብ መለያ ነው። ክለቡ ግን በ2018 ወረደ፤ ለ2022/23 የውድድር ዓመት ተመለሰና በዚያው ዓመት ደግሞ ወረደ። ፋብሪካው ሞተ እንዳንል የኤሌክትሪክ ተቋሙ በእነዚህ ዓመታት በታሪኩ ትልልቆቹን ግድቦች እየሠራ ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ድርጅት እስኪከፈል ድረስ ሰፍቷል። ስለዚህ ባለቤቱ መደህየት የለበትም፤ ክለቡ በትልቅ በጀት ውስጥ ትንሽ መስመር መሆኑ ይበቃል።

በተቃራኒው ቆመው የሚታዩት ሁለቱ የከተማችን ክለቦች የተለየ መሠረት አላቸው። በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ የተወለደው ቅዱስ ጊዮርጊስ ጣሊያኖች «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ብለው ስሙን ሲቀይሩበትም ሰፈሩ አልተቀየረበትም። ኢትዮጵያ ቡናም ከቡና ሥራ ጋር ቢወለድ፣ ዛሬ ቡና የሚባለው ከንግዱ ይልቅ ደጋፊው ነው። እዚህ ጉለሌ ውስጥ ለዚህ የሚቀርብ ምሳሌ የማገኘው ከኳስ ውጭ ነው። ጉለሌም የጥጥ ሰፈር ነው። ከዚህ አዳራሽ በስተሰሜን የሚገኙት የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ድሩን በፋብሪካ ክር ይሠራሉ፤ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉና ሲከፈቱ እነርሱ ክሩን ከሌላ እየገዙ ቀጥለዋል። ሽሮ ሜዳን የሚዘጋ አንድ ባለቤት የለም።

ዛሬ በፕሪምየር ሊጉ ድሬዳዋን የሚወክለው ድሬዳዋ ከተማ ነው፤ ከተማ አስተዳደሩ የያዘው ክለብ። የበርካታ ክለቦቻችን ወጪ እንዲሁ በከተማ አስተዳደሮች ትከሻ ላይ ነው። በ1960ዎቹ ጥጥ ማኅበር የነበረበትን ቦታ ዛሬ የያዘው የከተማ በጀት ነው። በጀት ደግሞ በምርጫ፣ በጦርነት፣ በሹም ሽር ይለዋወጣል። በ2019 ሻምፒዮን የነበረው መቐለ 70 እንደርታ በጦርነቱ ምክንያት ለዓመታት ከሊጉ ውጭ እንደነበረ ሁላችንም አይተናል።

ለተማሪዎች አንድ ሥራ ትቼ ልጨርስ። የፋብሪካ ክለቦቻችን ታሪክ የሚገኘው በስፖርት መዝገብ ብቻ አይደለም፤ በደመወዝ መዝገቦች፣ በሠራተኛ ማኅበራት ቃለ ጉባኤዎች፣ በባቡር የጭነትና የጉዞ ሰነዶች፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ ዘመን የስፖርት ዓምዶች ውስጥ ነው። ፋብሪካ ሲዘጋ ማሽኑ ይሸጣል፤ ወረቀቱ ግን ይቃጠላል ወይም በቆርቆሮ መጋዘን ይበሰብሳል። ከመካከላችሁ የድሬዳዋ ልጆች ካላችሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ገና ካልመረጣችሁ፣ ከዚህ ገለጻ በኋላ ቢሮዬ ብቅ በሉ። የነዚያ ዓመታት ተመልካቾች በሕይወት ያሉት ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፤ ቃለ መጠይቁ ከሰነዱ መቅደም አለበት።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።